ባለ ቀዳዳ ድንጋዮች

አባቴ ግንበኛ ነበር። በድንጋይ ላይ ከሁሉም የሚጠላው ቀዳዳን ነው፤ «እባብ ያሳድራል» ይላል። ግንብ በጨረሰ ቁጥር በመዳፉ እየዳሰሰ፣ ጣት የምታስገባ ክፍተት ካገኘ በጠጠርና በጭቃ ይደፍናታል።

በጣሊያን ጊዜ፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ፣ የእናቴ ወንድም ከይጁቤ ገበያ እህል ጭኖ ሲመለስ «ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላለህ» ተብሎ ተያዘና ደብረ ማርቆስ ታሰረ። እናቴ ምግብ ታመላልስለት ነበር። ምግቡ ሳይነካ የተመለሰ ቀን «ገደሉት ይሆን?» እያልን እናድራለን።

በዚያው ሰሞን አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም አባቴን አስጠራው። ሐኪሙ በወጣትነቱ ቻይና አገር ኖሯል፤ እዚያ ያየውን የአንድ ባለጸጋ የአትክልት ስፍራ በግቢው ሊያሠራ ፈልጓል። ውሃ የቦረቦራቸውን ድንጋዮች ከወንዝ አስመጥቶ በኩሬው ዳር ተራራ እንዲያስመስልለት በአስተርጓሚ ነገረው። ሥራው ካማረው ስለ አጎቴ ለእስር ቤቱ አዛዥ ሊናገርለት ቃል ገባ።

«ተራራ ልሠራ ነው» አላት አባቴ ለእናቴ።

«ጮቄ ቆሞለት የለም እንዴ?»

«ጮቄን ግቢው ማስገባት አልቻለማ።»

ምሳውን የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ሰው እንዳያየኝ በነጠላዬ ተከልዬ በረንዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል አያለሁ። ኩሬ፣ ጠመዝማዛ ድልድይ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ነቀዝ የበላው እንጨት የመሰለ ድንጋይ። በአንዱ ቀዳዳ የዛፍ ቅርንጫፍ ይታያል።

«አባዬ፣ ድንጋዩ ለምን ተበሳሳ?»

«ግንበኛው ሳይጨርስ ነዋ የሣሉት።»

ሐኪሙ በሽተኛ ሊያይ ወደ አምበር ወርዶ ሰነበተ። አባቴ አጎቴን እያሰበ፣ ለማንም ሠርቶ በማያውቀው ጥንቃቄ ድንጋዮቹን አቆመ። ከዚያም ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጭድ በተቦካ ጭቃ ደፈነና በመዳፉ አለሰለሳቸው።

ሐኪሙ ሲመለስ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። የሆነ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለ አባቴ።

«‹ተራራዬን ማን ቀበረው?› ነው የሚለው።»

የአባቴ ፊት ዐመድ መሰለ። እኔ ሳይነካ የሚመለሰው ምግብ ታየኝ። ሐኪሙ ሥዕሉን አውርዶ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አሳረፈ።

«ክፍቱን ነው የሚፈልገው?» አለ አባቴ።

«ክፍቱን።»

«እባቡስ?»

«ቻይና እባብ የለም መሰለኝ» አለ አስተርጓሚው።

ጭቃው አልደረቀም ነበር። የአባቴ እጅ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ ስላለ እኔን ጠራኝ። ውሃ እያፈሰሰልኝ በጣቴ ጫርኩ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲከፈት እጄ በወዲያ በኩል ወጥቶ ነፋስ ነካው። ዐይኔን አስጠጋሁ። ከኩሬው ጥቂትና ከሰማዩ ጥቂት ታየኝ፤ ግን ሩቅ፣ ሌላ አገር ያለ ይመስል ነበር። ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ሌላ አገር። ያቺ ጠባብ ግቢ እንዴት ይህን ሁሉ ልትይዝ ቻለች? ኋላ ኮሌጅ ገብቼ ስለ ቻይና የአትክልት ስፍራዎች ሳነብ፣ እዚያ ድንጋይ የሚመረጠው በቅጥነቱ፣ በሽብሽቡና በቀዳዳው መሆኑን ተረዳሁ። ያን ቀን ግን የሚያስረዳኝ አልነበረም፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ እሮጥ ነበር።

ሐኪሙም ጎንበስ ብሎ በአንደኛው አየ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ለአስተርጓሚው አንዲት ቃል ተናግሮ ወደ ቤቱ ገባ።

«እናገራለሁ ብሏል» አለ አስተርጓሚው።

አጎቴ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ተፈታ። እናቴ እያለቀሰች ቶሎ ወደ ቤት እንሂድ ብትል፣ እሱ «መጀመሪያ ያስፈታኝን ነገር ካላየሁ» አለ። በሐኪሙ አጥር ላይ ተንጠራርቶ ተመለከተ።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው» አለ አባቴ፣ ዐይኑን ከቀዳዳዎቹ ሳያነሣ።

አጎቴ አባቴን አየት አደረገና ክንዱን ያዘው። «በል ና እንሂድ፤ እጅህን ሳያሳክክህ።»