ዳልጮ ያላየው ሮቦት

ሶዶ ውስጥ ዳልጮ የሚባል ሰው ብትጠይቁ ብዙ ዳልጮ ታገኛላችሁ። «ሮቦቱ ዳልጮ» ካላችሁ ግን የመናኸሪያ ደላላ ሁሉ እጁን ዘርግቶ ያሳያችኋል። ሰውዬው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ይደረድራል፤ ሲጠየቅም ያንኑ ፋይል ያጣዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በወይዘሮ ትርፌ ቪዲዮ ቤት ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና ፈረንጅ የሚናገረውን ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በወላይትኛ ይተረጉማል። ፈረንጁ ሦስት ቃል ተናግሮ ዝም ሲል ዳልጮ ገና መግቢያውን እያገባደደ ነው። እንግሊዝኛው የስምንተኛ ክፍል ነው፤ ድፍረቱ የፕሮፌሰር። ሰዉም ይህን አያጣውም። ቪዲዮ ቤቱ የሚገባው ለዳልጮ ብሎ እንጂ ለፈረንጁ አይደለም።

ዝናው የመጣለት ግን ከተረጎማቸው ፊልሞች ሳይሆን ካልተረጎመው ነው። በ1991 ዓ.ም. ለመዛግብት አያያዝ ሥልጠና ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ተላከ። መዛግብት አያያዝ ተምሮ ለመመለሱ እስከ ዛሬ አንድም ማስረጃ አልቀረበም፤ ይዞት የመጣው አንድ የካርቱን ፊልም ነው፤ እሱንም ሳያየው። አንድ ክፍል አብሮት ያደረ የጅማ ሠልጣኝ፣ ድልድይ ስለሚጠብቅ ሮቦት የተሠራ፣ ዓለም ያለቀሰበት፣ እንደሱ ያለ ካርቱን ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ያልታየ አሮጌ ፊልም እንዳለ ነገረው። ግማሹን አውርቶ እንቅልፍ ወሰደው። ዳልጮ ሌላውን ግማሽ ከራሱ ጨመረበት።

የዳልጮ ሮቦት ዳሞታ ተራራን ያክላል። ጦርነት ድልድዩን ሲሰብረው በትከሻው ተሸክሞ ሰባት ቀን ይቆማል፤ ሕዝብ ከነከብቱ በላዩ ይሻገራል። በሰባተኛው ቀን እናቱ በቅል ውሃ ይዛ ከሩቅ አገር በእግሯ ትመጣለች፤ ስትደርስ ልጇ እንደቆመ ሞቷል። ከዚያ በኋላ ለቅሶው ነው፦ ሜዳ ላይ ፈረስ ይጋለባል፣ ጦር ይሰበቃል፣ ደረት ይደቃል፤ በወላይታ ለትልቅ ሰው እንደሚለቀሰው ሁሉ። ብረት እናት ከየት አገኘ? ፈረንጅስ ጦር መስበቅ ከመቼ ወዲህ ለመደ? ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ሳይቀር ተቀምጦ አልቅሷል። በአብዮቱ ጊዜ ሰፊው ሕዝብ ሁሉን ያውቃል የሚሉ ወረቀቶች ሲበተኑ ይህንን የፊዚክስ መምህር አላገናዘቡም ነበር።

ከሁሉ የበለጠችው ቅቤ ነጋዴዋ ቦሼ ናት። ተበላ ከሚባለው ገበያ በተመለሰች ቁጥር ዳልጮን መንገድ ላይ ይዛ «እስቲ እናቱን ንገረኝ» ትለዋለች። በባሏ ለቅሶ ዓይኗ አልረጠበም እያሉ ያሟታል፤ ለብረቱ ግን አሥራ አንድ ጊዜ አልቅሳለች፤ ቆጥራዋለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት ሞላ። በ2000 ዓ.ም. የካቲት ላይ ፊልሙ ራሱ ሶዶ ገባ። የትርፌ የእህት ልጅ ሚኒባስ ሾፌር ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሲዲ ከሚያዞር ሰው ተውሶ አመጣው።

ትርፌ ካርቶን ላይ በወፍራም ማርከር «ዓለም ያለቀሰበት ሮቦት! ቅዳሜ 9 ሰዓት! ትርጉም በዳልጮ!» ብላ በር ላይ ሰቀለች። ቀጥላም ዳልጮን ጠርታ ቁርጡን ነገረችው።

«ስማኝ ዳልጮ፣ ዲሽ አስገብቻለሁ። ሰዉ ፊልም ጀምሮ እየተወ ይወጣል፤ ለኳስ ግን ቆሞም ያያል። ቅዳሜ አንድም ሰው ሳይነሳ ፊልምህን ከጨረስክ ቅዳሜ ያንተ ነው። ከተነሱብህ ግን ቅዳሜም ለኳስ ነው። ማይኩንም ለቸርች እሰጠዋለሁ።»

ለዳልጮ ቅዳሜ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሰኞ መዝገብ ቤት ሄዶ ማየት ይበቃል። አለቃው ስሙን አይጠራውም፤ «መዝገብ!» ነው የሚለው። ቅዳሜ ከተወሰደበት የሚቀረው ሰኞ ብቻ ነው።

«በል ና፣ ቀድመህ እየው» አለችው ትርፌ፤ ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

«እኔን ነው?» ብሎ ሳቀ። «ዘጠኝ ዓመት በቃሌ የያዝኩትን?»

«አይተኸዋል አይደል?»

«ኧረ ትርፌ፣ ሰው ይሰማሻል!»

ይህ አዎም አይደለም፣ አይም አይደለም፤ የቢሮ ሰው መልስ ነው። በዚች መልስ ፊልሙን ቀድሞ የማየት ዕድሉን በገዛ አፉ ዘጋ።

ዓርብ ዕለት ግን መቀመጫው እሾህ ሆነበት። ራሴን አሞኛል ብሎ ከቢሮ ወጣና የማይክ ገመድ ልይ በሚል ሰበብ ትርፌ ቤት ደረሰ። «ገመዱን በምን ልሞክረው? እስቲ ያንኑ ሲዲ ክፈቺው» አለ፣ ግድ እንዳልሰጠው ሰው። ተከፈተ። ማንም የማያነበው ፊደል መጣ፤ ወንዝ መጣ፤ አንዲት የብረት እጅ ብቅ አለችና መብራት ጠፋ።

ተቀመጠ። ተነሳ። ወጥቶ ፀጉር አስተካካዩን «እናንተ ጋ መጣ?» አለው። ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ የተቀመጠ ደንበኛ «ቢመጣ እንዲህ ሆኜ እቀመጥ ነበር?» ሲል መለሰለት። ዳልጮ ተመልሶ ገባ፤ ደግሞ ወጣ። በመጨረሻ ጊዜ ለመግፋት ኦቶና ሆስፒታል ድረስ በእግሩ ወጣና ወረደ። መብራቱ ሲመጣ ትርፌ ቤቷን ዘግታ ሄዳለች።

ቅዳሜ ቤቱ ሞላ። ለሦስት ሰው የተሠራ አግዳሚ ላይ ስድስት ሰው ተደረደረ። ቦሼ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። አቶ ደገፉም መጥተዋል። እሳቸው የቀበሌ ሰው ናቸው፤ ያለ ማስታወሻ ደብተርና ያለ እስክሪብቶ ሠርግ እንኳን አይሄዱም። ውጭ ያልገባው ሕዝብ ደግሞ በር ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሥር ቆሞ ይሰማል።

ፊልሙ ተጀመረ። ወንዝ፤ ድልድይ፤ ቀጥሎ ሮቦቱ ወጣ። የሃያ ሊትር ጀሪካን ያክላል።

«ልጁ ነው?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ራሱ ነው፤ ሕፃን ሳለ ነው!» አለ ዳልጮ በማይክ። «ገና ያድጋል!»

አላደገም። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ያው ጀሪካን ነው። የባሰው ደግሞ አይናገርም። ሮቦቱም፣ ወንዙም፣ ማንም ምንም አይናገርም። አስተርጓሚ በሕይወቱ ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻው መከራ ይህ ነው፤ ዳልጮ ማይኩን ካንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል።

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም።»

«እንዴት ምንም አይልም? አፍ የለውም?»

«እያሰበ ነው!»

«ሃያ ደቂቃ ሙሉ?»

«ታ እሻ፣ ወንድሜ፣ ትልቅ ነገር ነው የሚያስበው!»

አግዳሚዎቹ መንቋቋት ጀመሩ። አንዱ ሰዓቱን አየ፤ ኳስ በአሥራ አንድ ነው። ቦሼ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ጠበቀች፤ ጠበቀችና አወረደችው።

«ዳልጮ፣ እናቱ መቼ ይመጣል?»

«መንገድ ላይ ናት፣ አዬ» አላት። እናቴ ማለቱ ነው በወላይትኛ። በዚያች ሰዓት እውነተኛ እናቱንም ቢያገኝ ጉያዋ ውስጥ በተደበቀ።

ሮቦቱ በየማለዳው የድልድዩን ብሎን አንድ በአንድ ቅባት ይቀባል። ኬላውን ይከፍታል። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የሚሻገር ሰው ሲመጣ አንድ ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ ሊጨምር ነው ጠጠሩን የያዘው፤ ነገር ግን ማንም አይመጣም። ጦርነቱ አልቆ መንገዱ በሌላ በኩል ሄዷል፤ ይህን የነገረው የለም። ሲመሽ ኬላውን ይዘጋል። በማግስቱ ያው ቅባት። ዳልጮ አሁን ለሕዝቡ መናገሩን ትቶ አንገቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሯል።

አንድ ቀን ድልድዩ ላይ ፍየል መጣች። ሮቦቱ ብድግ አለ። ፍየሏ ተሻገረች። ሮቦቱ ጠጠሩን አነሳ፤ ወደ ቆርቆሮው ወሰደ፤ መለሰ። ፍየል ተሻጋሪ ናት ወይስ አይደለችም? ረጅም ጊዜ ቆመ። በመጨረሻ ጠጠሩን ድንጋይ ላይ አድርጎ ለሁለት ሰበረው።

ዳልጮ ባለፈው ዓመት ከበዴሳ ስለ ጠፋ በሬ የቀረበ አቤቱታ በግለሰብ ፋይል ይቀመጥ ወይስ በንብረት ብሎ ሳምንት ሙሉ ሲጨነቅ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስቆበት ነበር። አሁን ማይኩ ደረቱ ላይ ወርዷል፤ አፉ ተከፍቷል።

«ተርጉም እንጂ!»

ዳልጮ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ።

«ዳልጮ! ተርጉም! እናቱስ? ጦርነቱስ?»

እግር መሬት ይመታ ጀመር። ሁለት ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ዝም በሉ እስቲ!» ብሎ ጮኸ ዳልጮ። «እኔም ገና አሁን ማየቴ ነው!»

ማይኩ ክፍት ነበር። ውጭ ያለው ድምፅ ማጉያ ቃሉን እስከ መናኸሪያ አደረሰው።

ሌላ አገር ቢሆን በዚህ ጊዜ ወንበር ይወረወራል ወይም ሰው ስቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ግን የሠለጠንን ነን፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሠልጥነናል። አቶ ደገፉ ተነሱ፤ ደብተራቸውን ገለጡ።

«ፊልሙ ይቁም። መድረክ እንክፈት።»

የተነሱት ሁለቱ ሰዎች ወዲያው ተቀመጡ። ግምገማ ሲጀመር መውጣት የሚያስከትለውን ማንም ያውቀዋል። ትርፌ ሪሞቷን ተጫነች፤ ሮቦቱ ግማሽ ጠጠር እንደያዘ ቀጥ አለ።

«አቶ ዳልጮ ግለ ሂሱን ያስቀድም።»

ዳልጮ ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን ሳይነቅል «አላየሁትም ነበር። ሰው ነው የነገረኝ፤ እሱም እስከ መጨረሻው አልነገረኝም» አለ።

«በቂ አይደለም፣ ግን ተመዝግቧል። ከቤቱ?»

ፀጉር አስተካካዩ እጁን አወጣ። «እኔ ለደንበኛ ሁሉ አይቼዋለሁ ብዬ ተርኬዋለሁ። ለኔስ ማን ነው የሚቆምልኝ?»

አንድ ወንጌላዊ ቀጠለ። «ወንድሜ፣ ሐሰት ኃጢአት ነው። በዚህ አጋጣሚ እኔም ይህንን ሮቦት ሦስት ጊዜ በስብከት መጥቀሴን... እ... አስተያየቴን ጨርሻለሁ።»

ከዚያ ቦሼ ተነሳች። እጅም አላወጣችም፤ እሷን ደግሞ ሥነ ሥርዓት የሚያስይዛት የለም።

«እኔ አሥራ አንድ ጊዜ አልቅሻለሁ። እናቱ ከሌለ፣ የማንን ለቅሶ ነው ያለቀስኩት?»

አቶ ደገፉ እንኳን እስክሪብቶአቸውን ከደብተሩ ላይ አነሱ።

«ሰባት ቀን ድልድይ ተሸክሞ ቆሞ፣ ውሃ የሚያቀብለው ሰው አጣሁለት፣ አዬ» አለ ዳልጮ። «እናት አመጣሁለት።»

ቦሼ ትንሽ አሰበችና «ደግ አደረግህ» ብላ ተቀመጠች።

አቶ ደገፉ ጉዳዩ አቅጣጫ እንዳይስት ፈጠን ብለው ወደ ውሳኔ አስገቡት። «ሁለት አማራጭ አለን። አንድ፣ ፊልሙ እንዳለ ይቀጥል። ሁለት፣ ፊልሙ ተዘግቶ አቶ ዳልጮ እንደ ቀድሞው ይንገረን። ፊልሙ ይቀጥል የምትሉ?»

አንድ እጅ ወጣ፤ የዳልጮ።

«ተገምጋሚ ድምፅ የለውም። እጅህን አውርድ። ይንገረን የምትሉ?»

የእጁ ብዛት ጣራውን ሊነካ ምንም አልቀረው። በር ላይ የቆሙት ሳይቀሩ እጃቸውን በመስኮት አስገቡ። ትርፌ ድምፅ ተአቅቦ አደረገች፤ ነጋዴ ናት። እውነት በኤሌክትሪክ ፊቱ ቆሞለት፣ ሰፊው ሕዝብ በሙሉ ድምፅ ውሸቱን መረጠ፤ ያውም ውሸት መሆኑን አውቆ፣ በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ።

ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ዳልጮ ማይኩን አነሳ። «ከእለታት አንድ ቀን፣ ትልቅ ወንዝ ላይ፣ ጀሪካን የሚያክል...»

«ዳሞታን የሚያክል!» ብሎ ቤቱ በአንድ ድምፅ አረመው።

«ዳሞታን የሚያክል» አለ ዳልጮ።

ነገራቸው። ድልድዩን አሸከመው፣ ሰባቱን ቀን አቆመው። በየመሐሉ ዓይኑ ወደ ጨለመው መስታወት እየሄደ ቃል ይጠፋዋል፤ ከአግዳሚው አንዱ ያቀብለዋል። ፈረሱ ሲጋለብ ሰዉ ደረቱን ደቃ። እናቱ ቅሉን ይዛ ስትደርስ ቦሼ አሥራ ሁለተኛዋን አለቀሰች፤ ከወትሮውም በረታች። አንድም ሰው አልተነሳም። ሲያበቃ አጨበጨቡለት፤ አቶ ደገፉም «በአዎንታ ተጠናቋል» ብለው ጻፉ።

ትርፌ ፈገግ እያለች መጣች። «በቃ፣ ቅዳሜ ያንተ ነው!»

«ትርፌ፣ የቀረውን ክፈችልኝ። ግማሿን ጠጠር ምን እንዳደረጋት ብቻ ልይ።»

«የምን ጠጠር? አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ እኮ!» ሲዲውን አውጥታ ጡቷ መሐል ወሽቃዋለች፤ የዲሹን ገመድ እየሰካች ነው። «የእህቴ ልጅ ነገ በጠዋት ሲዲውን ይዞ ይሄዳል፤ የሰው ነው። ከኳሱ በኋላ መብራት ካለ እናያለን።»

ቤቱ እንደገና ሞላ፤ አሁን በማልያ። ዳልጮ የፊተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ግማሽ መቀመጫ አገኘ። ሰው ሁሉ ትከሻውን እየመታ «አንበሳ!» ይለዋል፤ እሱ አይሰማም። ወደ አምፖሉ ያያል፣ ወደ ትርፌ ያያል፣ ተመልሶ ወደ አምፖሉ።

«ስንት ደቂቃ ቀረው?» ሲል አጠገቡ ያለውን ጠየቀ።

«ኧረ ጋሼ፣ ገና እየተጨባበጡ ነው!»