አስማቱ ምን ይበላል?

መኪያ ባጃጅ ተገልብጦባት የግራ ጭኗ ከተሰበረ ወዲህ ኑሮዋ ቡራዩ ውስጥ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ተወስኖ ቀረ። የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። እህቷ ሊሊ በማለዳ ውሃና ምግብ አጠገቧ አስቀምጣ አዲስ አበባ ሥራዋ ትሄዳለች፤ እስክትመለስ ድረስ መኪያ ካልጋዋ ሆና የምታየው በመስኮቱ ፊት ለፊት የቆመውን ያልተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ነው። ሐኪሙ ሦስት ወር ያለው ስድስት ወር ሆነ። በቀዶ ሕክምና ብረት ቢገባበትም አጥንቱ አልገጥም አለ።

ከመሰላቸቷ ብዛት ደብተር አንስታ ልቦለድ ጀመረች። ታሪኩ አስማተኞች ስለሚገዙት ከተማ ነው። አንድ ቃል ሲናገሩ ድንጋይ ይነሳል፣ ቤት ይቆማል፣ እሳት ይነዳል።

የመጀመሪያው አድማጭዋ አከራይዋ ኦቦ ሚልኬሳ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምታርፈው በሷ በር ላይ ስለሆነ መቀመጫ ዱካቸውን እዚያ ያደርጋሉ። ድሮ ገብስና ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። ማሳቸው ለግንባታ ከተወሰደ በኋላ የቀራቸው ይኸው ግቢና ጥቂት የጌሾ እግር ነው።

አንድ ቀን አስማተኛው እሳት የሚያነድበትን ምዕራፍ አነበበችላቸው።

«እሳቱን ከምን አወጣው?» አሉ።

«በአስማት ነዋ፣ ኦቦ።»

«እሱንማ ሰማሁ። አስማቱስ ምን ይበላል? የኔ በሬዎች ገለባ ካላገኙ አያርሱልኝም ነበር።»

መኪያ ሳቀች፤ ወዲያው ግን አፈረች። ጉልበት ከባዶ እንደማይፈጠር፣ ከፀሐይ ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ ትል፣ ከትል ወደ ወፍ እንደሚተላለፍ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስትስል የኖረች ሰው ናት። የጻፈችውን ሁሉ ሰርዛ እንደ አዲስ ጀመረች። አሁን አስማት ጉልበቱን የሚመጠው ካፈር ሆነ። ቃሉ በተነገረበት ቦታ ትሎቹ ያልቃሉ፣ መሬቱም ሰባት ዓመት አያበቅልም።

«ትሎቹ ካለቁ ወፎቹስ?» አሉ ሽማግሌው በማግስቱ።

«ይሰደዳሉ።»

«እንግዲያው ተምች ይፈላል። የሚለቅመው የለማ።»

እሱንም ጻፈችው። እንዲህ እያሉ ዓለሙን አብረው አበጁት። ነገር ግን ሕጉ በጠበቀ ቁጥር በውስጡ ያሉት ሰዎች መውጫ እያጡ ሄዱ። ከተማዋ ራሷ ባመከነችው አፈር ተከበበች። የከተማዋን አጥር ጥሳ ልትወጣ የምትፈልገው ዋናዋ ባለታሪክ ኃይል ልታገኝ የምትችለው ከመጨረሻው የገብስ ማሳ ብቻ ነው፤ እሱን ከገደለችው ደግሞ የምትወጣው ለረሃብ ነው። መኪያ ሕጉን ላንዲት ጊዜ ብቻ ልታላላው ቃጣትና ተወችው። ለሷ ጭንም ቢሆን ሕጉን ያላላለት የለም።

ከዚያ የገብሱን ባለቤት ጻፈች። አስማተኞቹ ማሳው ላይ ቤት ሊያቆሙ ሲመጡ አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ የሚያይ ሽማግሌ ገበሬ አደረገችው። ምዕራፉን ጮክ ብላ ስታነብ ኦቦ ሚልኬሳ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። ሲያልቅ ዱካቸውን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ድምፃቸውን ከግቢው ማዶ ትሰማለች፣ ሲያስሉም ትሰማለች፤ ግን ሐምሌ ነው፣ ግቢው ጭቃ ነው፣ እሷ ደግሞ ከተሰበረች ወዲህ ብቻዋን ከበሩ አልፋ አታውቅም። ብትጠራቸውም መልስ የለም። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ክራንቿን ይዛ ወጣች። መንገዱን ስታጋምስ ክራንቹ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ በጎኗ ወደቀች። ሕመሙ ዓይኗን አጨለመባት።

ኦቦ ሚልኬሳ ከጌሾው መሃል ሮጠው መጡ። ደግፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጧት።

«አብደሻል እንዴ ልጄ?»

«ምን አስቀየምኩዎት?»

ጭቃውን ከእጇ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት። «ሰውየውን ለምን ዝም አሰኘሽው?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ዝም አላልኩም። ማሳዬን ሲወስዱ ሦስት ጊዜ ቢሯቸው ሄጄ እምቢ ብያለሁ። የሰማኝ የለም እንጂ ብያለሁ።»

«ሳልጠይቅዎት ነው የጻፍኩት። ይቅር ይበሉኝ» አለች። ቀጥላም «እምቢ ብሎ እንዲያሸንፍ ላድርገው?» ስትል ጠየቀች።

«ማሸነፉን ተይው። እኔም አላሸነፍኩም።»

በዚያው ሳምንት ምዕራፉን እንደገና ጻፈችው። ገበሬው ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል፤ ሦስተኛውን «ላኪ!» ብሎ በኦሮምኛ ነው የሚለው። አስማተኞቹ ግን ቃሉን ተናገሩ፣ ገብሱም ቆሞ ደረቀ። ኦቦ ሚልኬሳ ያንን ቦታ ቀስ ብላ እንድትደግምላቸው ለመኗት፤ ደገመችላቸው።

ውድቀቱ በጭኗ ውስጥ ያለውን ብረት አላልቶት ኖሮ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። ሐኪሙ አሁንም ሦስት ወር አለ። ጨርሳ በሊሊ እጅ የላከችለትን ረቂቅ ያነበበ አንድ አሳታሚ ስልክ ደውሎ «የአፈሩና የትሉ ነገር ይውጣ፤ አንባቢ አስማት እንጂ ትምህርት አይፈልግም» አላት። እሷም አይወጣም አለች። ሰውየው እንግዲያስ ይቅር ብሎ ስልኩን ዘጋው። መኪያ ለሊሊ ይህንን ስትነግራት አላለቀሰችም፤ ትራሷን እንድታስተካክልላት ብቻ ጠየቀቻት።