መስኮት ላይ የተቀመጠው ጠርሙስ

የያዙኝ ሐይቅ ከተማ፣ ከምሠራበት ላቦራቶሪ ነው። ጦርነቱ እየቀረበ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የሚጠራጠርበት ሰሞን ነበር። ከኒም ዛፍ የወሰድነውን ህዋስ በብልቃጥ እያራባን የተባይ ማጥፊያ ስናወጣ ያየ ሰው «ሐይቁን ሊመርዝ ነው» ብሎ ጠቁሞብኝ ኖሯል። እኔንም፣ ከማጥፊያው አንድ ጠርሙስም ጭነው ውጫሌ ወሰዱን።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ነው። ሽታው እንጂ እህሉ የለም፤ ያለው ትኋን ነው። አጠገቤ የሚተኙት ሐጂ፣ የአምባሰል ነጋዴ፣ እንቅልፍ ካዩ ሰንብተዋል፤ ክንዳቸው በማከክ ቆስሏል።

የጠባቂዎቹ አለቃ ጠርሙሱን «ደሴ ተልኮ ይመረመራል» ብሎ ቢሮው መስኮት ላይ አስቀመጠው። በበሩ ሽንቁር ይታየኛል። ንጹሕ መሆኔን የሚመሰክርልኝ እሱ ብቻ ነው። ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ከተክል የወጣ መድኃኒት ፀሐይ ሲመታው ኃይሉን ያጣል። መንገዱ ተዘግቶ ደሴ የሚሄድ ጠፋ፤ ፀሐይዋ ግን በየጠዋቱ ጠርሙሱ ላይ ታርፋለች። ከሽንቁሩ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ሽንቁሩ እመላለሳለሁ።

«አለቃ፣ እባክዎ ጥላ ውስጥ ያድርጉት» አልኩት።

«ለምን? ምን ልትደብቅ ነው?»

«ልጄ፣ ቁጭ በል እንጂ፤ እኛንም አዞርከን» አሉኝ ሐጂ።

አንድ ቀን አለቃው ራሱ አንገቱን እያከከ መጣ።

«ትኋን ይገድላል ብለሃል አይደል? የኛን ክፍል ርጭልን።»

ከረጨሁት ለምርመራ የሚተርፍ የለም። ካልረጨሁት እዚያው መስኮቱ ላይ ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ተናደድኩ።

«እረጫለሁ፤ ግን ከእስረኞቹ ክፍል ልጀምር።»

«አንተ ነህ የምታዘኝ?»

«ካልሆነ አልረጭም» አልኩ።

ሐጂ እጄን ያዙኝ። «ወላሂ ተው! ማስረጃህን በኛ ትኋን ላይ ልታፈሰው ነው?»

አለቃው ሲያጉረመርም ቆይቶ መርጫ አስመጣ። ከሐጂ መኝታ ጀመርኩ፤ አንድም ስንጥቅ አልዘለልኩም። ለጠባቂዎቹ የተረፈው ትንሽ ነበር።

መድኃኒቱ ቶሎ አይገድልም። በማግስቱ ትኋኑ እንደልቡ ሲርመሰመስ አለቃው «አታለልከን» ብሎ ሰደበኝ። እኔም ፀሐይዋ ጨርሳው ይሆን እያልኩ ተብሰለሰልኩ። ከቀናት በኋላ ግን መቀነስ ጀመረ። አንድ ከሰዓት ሐጂ አፋቸውን ከፍተው ሲያንኮራፉ አየሁ። እንዳይነቁብኝ መንጎራደዴን ትቼ ተቀመጥኩ።

ኋላ ለቀቁኝ። ንጹሕ ነህ ያለኝ የለም፤ ሐይቅ ውስጥ ዛሬም ሰላምታዬን የማይመልሱ አሉ። ያቃጥለኛል። ያንን ጠርሙስ እንደገና ቢሰጡኝ ግን፣ የምጀምረው ከሐጂ መኝታ ነው።