አምስት ስም ለባሕር አበባ

ሲይዙኝ እጄ ላይ ጠመኔ ነበር። የዕፅዋት መምህር ነበርኩ፤ ከክፍል አውጥተው ጣቢያ ወሰዱኝ፣ ደብተሬንም ወሰዱት። የታሰርኩባት ክፍል መስኮት የላትም። ሽንትና እርጥብ ሲሚንቶ ትሸታለች፤ አሥራ አንድ ሰው በጎን ተኝተን አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። እኔ ግን የፈራሁት ደብተሩን ነው። ምን ምን እንደጻፍኩበት ማስታወስ አቃተኝ።

በማግስቱ መርማሪው ከደብተሬ አንድ ሥዕል ገልጦ አሳየኝ። በባሕር ጠረፍ ዓለት ላይ የሚበቅል የዱር አበባ ነው፤ እኔም ከመጽሐፍ ገለበጥኩት እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ጨው በሚረጭ ንፋስ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ለማስተማር ነበር የሣልኩት። አንዷን አበባ አጉልቼ፣ ከአምስቱ የአበባ ቅጠሎች ቀስት አውጥቼ ቁጥር ሰጥቻለሁ። በዓለቱ ስንጥቅ ከወረደው ሥር ጎን «ከላይ አይታይም፤ ተክሉን የያዘው ግን እሱ ነው» ብያለሁ። የማን ያለህ! ለእሱ የድብቅ ድርጅት መዋቅር ሆነለት።

«ባሕር በሌለው አገር የባሕር አበባ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። የአምስቱን አባላት ስም ነገ ጠዋት ቅጠሎቹ ላይ እንድጽፍ አዘዘኝ።

ክፋቱ፣ በእርግጥም አምስት ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዕፅዋት ልንሰበስብ ኮረብታ አብረውኝ የሚወጡ ተማሪዎች። ስሥል አላሰብኳቸውም፤ ግን ማን ያምነኛል? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አጠገቤ የተኙ ሽማግሌ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው ኖሮ፣ «ልጄ፣ ስማቸውን በሆድህም አትጥራ፤ አፍ ያመልጣል» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፤ ስሙን ልሰጥ አንዱን መርጬ ነበር። አባቱ ባለሥልጣን ነው፣ እሱን አይነኩትም ብዬ።

ጠዋት እስክሪብቶ ሰጡኝ። የመጀመሪያው ቅጠል ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። ሁለተኛውም ላይ። አምስቱም ላይ። መርማሪው ቆጠረና ትቀልዳለህ ወይ አለኝ። አልቀለድኩም። ከዚያ የሆነውን አልዘረዝርም፤ ግራ ጆሮዬ ግን እስከ ዛሬ አይሰማም።

አሁን በስደት ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አበባውን ሮክቪል አንድ ችግኝ ቤት አግኝቼ በረንዳዬ ላይ በማሰሮ ተክዬዋለሁ። ያ የባለሥልጣን ልጅ እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፤ ከሥራ ኦፍ ሲሆን ይጠይቀኛል። ባለፈው ፓርኪንግ አጥቶ ዘግይቶ መጣና፣ ማሰሮው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ያኔ እንዳስተማርኩት የአበባውን ቅጠሎች በጣቱ ጫፍ ቆጠረ።

«አምስት ናቸው፣ ቲቸር።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረብታ የሚወጡት አምስቱ ትዝ አሉኝ። ስሙን መርጬ እንደነበር አልነገርኩትም፤ ዛሬም እፈራለሁ።

«ሁሉም አሉ?» አልኩት።

«ሁሉም አሉ» አለኝ። በደህናው ጆሮዬ በኩል ነበር የቆመው፤ ሰማሁት።