ሴት የማይገባበት ደሴትና አባቴ

የናፍጣ ጭስና የእርጥብ ደንገል ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ እንቅልፌ ይመጣል። በቀደም ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከባሕር ዳር የገባ አውቶቡስ ሞተሩን ሳያጠፋ አንዱ ተሳፋሪ ከጣሪያው ላይ የደንገል ምንጣፉን አስወረደና፣ ሽታው ከጭሱ ጋር ተደባልቆ ሲመታኝ ሰው መሀል እንዳለሁ እንኳ ረስቼ ሻንጣ ላይ ቁጭ አልኩ። ሻንጣው የኔ አልነበረም። ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ደስ ይለዋል ይላሉ፤ እኔን ግን ይደክመኛል፣ ልጅነቴን ያሳለፍኩት መንገድ ላይ አባቴን ስጠብቅ ነዋ።

ቤታችን አማኑኤል ከተማ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ዳር ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር፤ አባቴ ደግሞ የሰው ሚኒባስ እየነዳ ከአዲስ አበባ እንግዶች እያመጣ ጣናንና ጢስ ዓባይን ያሳይ ነበር። በእኛ በር ሳያልፍ ባሕር ዳር መድረስ አይችልም። ሲመጣ ጡሩምባውን ነፍቶ ይቆማል፣ እንግዶቹ ወርደው እግራቸውን ሲያፍታቱ እሱ ውኃ ጠጥቶ፣ የኔን ፀጉር በጣቶቹ በትኖ፣ እናቴን «በርቺ» ብሎ ይሄዳል። ሦስተኛ ክፍል በነበርኩበት በጋ ግን ሳይቆም ማለፍ ጀመረ። እናቴ የመኪናውን ድምፅ ከሌላው ለይታ ታውቀው ስለነበር፣ ከደብረ ማርቆስ በኩል ሲመጣ ገና ሳይታይ እግሯን ከመርገጫው ላይ አንስታ ትጠብቅና፣ ድምፁ ፊታችን ደርሶ ወደ ደምበጫ ሲርቅ፣ ቀና ሳትል መስፋቷን ትቀጥል ነበር።

ክረምት ሲገባ እንግዳ ስለማይኖር አባቴ ቤት ይከርም ነበር። ያን ክረምት ግን ቤት ነበር ለማለት ይቸግረኛል። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ዝናቡን ሲያይ ይውላል፣ ስሙን ጠርተነው ቆይቶ ቆይቶ ነው «አቤት» የሚለው፣ ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጎርሶ እጁን ይታጠባል። እናቴ ባሕር ዳር ላይ አንዲት ሴት አለች ብላ ደመደመች። አጠገባችን ሱቅ የነበራት እትዬ ዘይነባ፣ ነገር ሳታሽሞነሙን የምትናገር ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን ዝናብ ተጠልላ ከእናቴ ጋር ሲያወሩ እኔ ከበሩ ኋላ እሰማ ነበር። እናቴ ሄጄ ላያት ነው፣ ፀጉሯን ነው የምነጭላት ስትል፣ እትዬ ዘይነባ ሳቀችባት።

«ምን ልትሆኚ ትሄጃለሽ? ልጅቱን ጋቢና ጫኚበት። ልጁን ይዞ የት ይገባል? ደሞ ልጅቱ አብራው ካለች እዚህ በር ላይ ሳይወድ በግዱ ይቆማል።»

የኔ ሥራ በዚህ ተጀመረ። መስከረም ጠብቶ እንግዶቹ ሲመለሱ፣ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት እየቀረሁ፣ ጋቢና ውስጥ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ እሄድ ጀመር። እናቴ «እንዳትለይው» ከማለት በቀር ምንም አላለችኝም፤ ምን ለማለት እንደፈለገች ግን አውቅ ነበር። አባቴም የገባው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አንድም ቀን ለምን መጣሽ አላለኝም። ለእንግዶቹ ረዳቴ ናት ይላቸው ነበር፣ እነሱም ይስቃሉ፣ ፎቶ ያነሱኛል፣ ከረሜላ ይሰጡኛል፣ አንዳንዷም ይህን ሁሉ አገር በልጅነትሽ በማየትሽ እንዴት የታደልሽ ነሽ ብላ በአስተርጓሚ ትነግረኛለች። እኔ ግን ያየሁት የአባቴን ጀርባ ነው።

በጥቅምት ዓባይ ሞልቶ ፏፏቴው ጢሱን ከሩቅ ሲያሳይ፣ ወደዚያ የሚወስደው አቀበት ጭቃ ስለነበር ጫማዬን በእጄ ይዤ ከኋላው እየሮጥኩ እሄዳለሁ፤ እንግዶቹ ውኃው ፊት ቆመው አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እኔ ፊቴን ወደ አባቴ አዙሬ እቆማለሁ። በኅዳር ደግሞ ወፍ የሚያዩት ይመጡ ነበር። እነዚህ ከሁሉም የባሱ ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ሐይቁ ዳር ረግረጉ ውስጥ ቆመው፣ አንዲት ወፍ ቀና እስክትል እግራችን ሲደርቅ እንዳናስል ይከለክሉን ነበር። እናቴ የጠረጠረቻት ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጠውን ሴት ነበር፤ አባቴ ምሳ የሚበላው እሷ ዘንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ትክ ብዬ ሳያት ቆየሁ፣ የልጅ ልጇን ያዘለች አሮጊት ነበረች። ይህን ለእናቴ ስነግራት አላመነችኝም፣ ሌላ አለች ማለት ነው ብላ ጉዞውን አስቀጠለችኝ። ወደቡ ላይ ያሉት ሹፌሮችና ጀልባ ነጂዎች «ትራፊኳ መጣች» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አባቴ ሽንት ቤት ሲገባ እንኳ በር ላይ ስለምቆም ነው።

ማታ ስንመለስ እንቅልፍ ስለሚጥለው «ዝም ካልኩ አውሪኝ፣ ስሜ» ይለኝ ነበር። ሙሉ ስሜ ስመኝ ነው። እኔም የክፍሌን ልጆች፣ የአስተማሪዬን ኮት፣ የእትዬ ዘይነባን ድመት፣ ያለችኝን ወሬ ሁሉ እያወራሁ፣ ጨርሼም እንደገና ከመጀመሪያው እየጀመርኩ፣ አማኑኤል በር ላይ አደርሰው ነበር። እናቴ በሩን ስትከፍት እሱን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። ከዚያ ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅና ሚስቱን ይዘን ሄድን። የመጡት ለወፍ ነበር፣ ግን ሰውየው ከደሴቶቹ በአንዱ ላይ ያለውን የድሮ ገዳም ሳላይ አልመለስም አለ። ያ ገዳም ሴት አይገባበትም፤ ሴት የሆነች ሁሉ ጀልባው ማረፊያ ላይ ትቀራለች። ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነት ቦታ ስንሄድ አባቴ ከኔ ጋር ይቀር ነበር። ያን ቀን ግን ሽማግሌው ጉልበቱን እያመመው ዳገቱን ብቻውን መውጣት አቃተውና፣ አብሮን የመጣው አስጎብኚ በአንድ ክንዱ ይዞት በሌላው እንዲደግፍለት አባቴን ጠራው። አባቴ ወደኔ ዞሮ «መጣሁ» አለኝና ዛፎቹ ዋጡት።

ሚስትየዋና እኔ፣ ቋንቋ የማንግባባ ሁለት ሴቶች፣ ከጀልባ ነጂው ከጋሽ ውበቱ ጋር ተቀምጠን ጠበቅን። መንቁሯ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለች አንዲት ትልቅ ነጭ ወፍ ውኃው ላይ ስትንሳፈፍ፣ ሴትዮዋ ደስ ብሏት የርቀት መነጽሯን አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። እኔ ግን መነጽሩን ወደ ዳገቱ አዞርኩት። በመጀመሪያ ያላወቅኩበት መስሏት እጄን ይዛ ወደ ወፏ መለሰችው፤ እንደገና ወደ ዳገቱ ሳዞረው ተወችኝ።

በመነጽሩ ውስጥ ሽማግሌው በአስጎብኚው ትከሻ ተደግፎ ሲወርድ አየሁ። ሌላ ሰው አልነበረም። አስጎብኚው ጀልባው ጋ ሲደርስ ዓይኑን ከኔ እያሸሸ ለጋሽ ውበቱ ነገረው፤ አባቴ ትንሽ ልረፍ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ከአንድ መነኩሴ ጋር ብዙ ካወራ በኋላ፣ እኔ እዚህ እቀራለሁ ብሏል። ጋሽ ውበቱ አልገረመውም። እንዲህ ያለ ሰው እንደሚያውቅ ተናገረ፤ አንዱ ጠበል ልጠጣ ብሎ ገብቶ እንደወጣ ስለቀረ ሚስቱ በየዓመቱ እዚህ ማረፊያ ድረስ እየመጣች ሰላምታ ትልክለታለች፣ እሱም ይልክላታል፣ አይተያዩም። ይህን ሲናገር እኔ መኖሬ ትዝ አላለውም መሰለኝ። እናቴ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በሐሳቤ አየኋት።

ከጀልባው ወርጄ ሴት ከማታልፍበት ጫፍ ላይ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ቀስ እያሉ ወርደው መጡና አባትሽ ዛሬ እዚህ ይደር፣ ነገሩን ነገ እናየዋለን አሉኝ። ቁጡ አልነበሩም፣ ድምፃቸው እንዲያውም ደስ ይል ነበር፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

«የመኪናው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው፣ አባ» አልኳቸው።

«እኔ አመጣልሻለሁ፣ ልጄ።»

«አይሆንም። እሱ ያምጣው።»

አዩኝና ተመለሱ። ብዙ ቆይቶ አባቴ ወረደ። ባዶ እግሩን ነበር። ፊቱ ላይ ለብዙ ጊዜ አይቼው የማላውቀው ዕረፍት ስለነበረበት ለአፍታ ሌላ ሰው መሰለኝ። ቁልፉን ዘረጋልኝና ለአስጎብኚው ስጪው፣ ባሕር ዳር ሹፌር አይጠፋም፣ አንቺን ነገ አውቶቡስ ላይ ያሳፍሩሻል አለኝ። እጄን አልዘረጋሁም።

«ለእማዬ ምን ልበላት?»

አባቴ ሐይቁን አየ። «እኔ እንጃ» አለ።

«እኔም አላውቅም። እንግዲያው አንተው ንገራት።»

አላለቀስኩም፣ እጁንም አልያዝኩም። ወደ ዳገቱ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ጫማውን ሊያመጣ ሳይመለስ ባዶ እግሩን ጀልባው ውስጥ ገባ። ጋሽ ውበቱ ማንም ሳያዘው ሞተሩን አስነሳ። በማግሥቱ አማኑኤል እስክንደርስ አባቴ አንድ ቃል አልተናገረም፣ እኔም በዚያን ቀን ብቻ አላወራሁለትም፤ እንቅልፍም አልወሰደውም።

እናቴ ነገሩን ከኔ ስትሰማ በመጀመሪያ ሳቀች፤ ሴትዮ የለችም ማለት ነው ብላ እፎይ አለች። ቆይታ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ሴት ብትሆን ሄጄ እጣላት ነበር» አለች። «ከታቦት ጋር እንዴት እጣላለሁ?» አባቴ ባዶ እግሩን መሆኑን አይታ ያን ቀን ከገበያ አዲስ ጫማ ገዛችለት።

መጋቢት ላይ ፏፏቴው ቀጥኖ እንደ ክር ሲሆን እንግዳውም ቀነሰ፤ አባቴ በመጣ ቁጥር በር ላይ ይቆም ነበር፣ እናቴም እኔን ከጎኑ መጫኗን ተወች። በሚቀጥለው ዓመት ሚኒባሱን ለባለቤቱ መልሶ ባጃጅ ያዘ። እስከ ዛሬ አማኑኤል ውስጥ ይነዳል፤ ማታ ይገባል፣ ከእናቴ ጋር ራት ይበላሉ፣ ስለ ጎረቤት ያወራሉ፣ አንዳንዴም ይሳሳቃሉ። ተመልሷል። ይህን ማንም አይወስድብኝም።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቱ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ እቀበላለሁ። እንግዳ ካለ ነው። መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ወፍ የሚያየውም ፏፏቴ የሚያየውም ጠፍቷል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጣናን ፎቶ እያዩ አዳሪዎቹ ሄደሽ ታውቂያለሽ ወይ ሲሉኝ አዎ ብዬ የክፍላቸውን ቁልፍ እሰጣቸዋለሁ። ባለፈው ወር ቤት ሄጄ ሳለ ከአባቴ ጋር በረንዳው ላይ ብቻችንን ስንሆን፣ ስንት ዓመት ያላነሳሁትን ጠየቅኩት፤ ባልጠራህ ኖሮ እዚያው ትቀር ነበር ወይ አልኩት። የሚያፍር መስሎኝ ነበር፣ አላፈረም።

«እኔ እንጃ ስሜ፤ ገና መቀመጤ ነበር እኮ።»

ያኔ አባቴ እኛን ጥሎ ሊሄድ እንደሆነ ነበር የገባኝ፣ እናቴም የገባት እንደዚሁ ነው። ዛሬም ቢሆን እዚያ ጫፍ ላይ ብቆም የምለው ያንኑ ነው፣ አልጸጸትም። ግን አሁን ከሥራ ወጥቼ ክፍሌ ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ገና ከመቀመጤ ስልኬ ይጮኻል። እናቴ ናት፣ መቼ ትመጫለሽ ልትለኝ ነው። እወዳታለሁ። ስልኩ እየጮኸ ትንሽ ቁጭ እላለሁ፣ ከዚያ አነሳውና «ቅዳሜ» እላታለሁ።