የትንሿ ጣቴ ልክ

ከቆቦ የወጣሁት አባቴ መግሪብ ሊሰግድ ሲሄድ ጠብቄ ነው። ፊት ለፊት ቆሜ "ልሄድ ነው" ማለት አቅቶኝ፣ እንደ ሌባ ሹልክ አልኩ። ጋራዣችን ውስጥ የተፈታ ሞተር ነበረ። ቡሎኖቹን እንደ ልማዳችን በየተራቸው ካርቶን ላይ ሰክቼ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ጽፌ ተውኩለት። ደብዳቤ አልጻፍኩም፤ ያንኑ ካርቶን እንደ ደብዳቤ ይቁጠርልኝ ብዬ ነው። አስፋልት ዳር መኪና ስጠብቅ የጥፍሬ ግራሶ ገና አልለቀቀም ነበር።

ከጦርነቱ ወዲህ ጋራዡ ቀዝቅዟል። ሁለት መካኒክ የሚያበላ ሥራ አልነበረም፤ ሁለተኛዋ ደግሞ እኔ ነኝ። በወልድያና በሚሌ አድርጌ፣ የመጨረሻውን መንገድ ኢብራሂም በሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ጋቢና ተጓዝኩ። "ሞተርህ አንዱ ፒስተን አይሠራም" ስለው ሳቀብኝ። ጅቡቲ ገብተን ዲኪል ከተማ ላይ መኪናው ሲቆምበት ግን መሳቁን ተወ።

ጅቡቲ የመኖሪያ ወረቀት ሳወጣ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ አማርኛ ይሞክራል።

"ሞያ?"

"መካኒክ።"

"መካኒክ ብዬ ብጽፍልሽ ማን ይቀጥርሻል?"

"መኪና የተበላሸበት።"

"የኔ መኪና ደህና ናት። ቤታችን ግን ቆሽሿል" አለና ቦየስ ብሎ ጻፈ። እዚህ የቤት ሠራተኛን ቦየስ ይሏታል። እኔም በዚያው ቀረሁ፤ የሱ ቤት ሳይሆን የአንዲት ማዳም ቤት ገባሁ። ለእናቴ ግን "ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራ፣ ማቀዝቀዣም አለው" አልኳት። እሷ ለአባቴ እንደምትነግረው አውቃለሁ። እሱ ራሱ ስልክ አይቀበለኝም ነበር።

ሙቀትማ እኛም አገር አለ። የቆቦው ግን ጥላ ካገኘህ ይተውሃል፤ የዚህኛው ጥላው ውስጥም ተከትሎህ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ወለልና ልብስ ነው፣ ጃቬል በሚሉት በረኪና። ማዳም ስትፈልገኝ ታጨበጭባለች እንጂ ስሜን አትጠራም፤ ዘሀራ የሚለኝ ሰው ሳልሰማ ሳምንት ያልፋል። ከአገር የመጣ ሽንኩርት ሲገዛ ልጣጩ ላይ የቀረውን አፈር አሸታለሁ። የቆቦ ይሁን የሌላ አላውቅም፤ የቆቦ ነው ብዬ አምናለሁ። ሽንኩርት መላጥ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ለምን ታለቅሻለሽ የሚል የለም።

በስምንተኛው ወር አባቴ ራሱ ደወለ።

"የፒካፗ ቴስታታ ተሰነጠቀ" አለኝ፤ እንዴት ነሽ የለ፣ ምን የለ። "የሮቢት ገበሬዎች ሽንኩርት ደርሷል፣ የምንጭንበት የለንም። እዚያ የአሮጌ መኪና ዕቃ አይጠፋም ይላሉ።"

"አይጠፋም አባዬ።"

"ባለ ዐሥራ አንዱን ነው። አደራ።"

ቴስታታ ማለት የሞተሩ ክዳን ነው። የኛ አሮጌ ናፍጣ ፒካፕ ሞተር ብሎክ ሁለት ዓይነት አለው፤ የቀደመው ክዳኑን በዐሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ቡሎን ያስራል፣ የኋለኛው በዐሥራ ሁለት። ከውጭ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር ዝገት ከበላው፣ የሚለያቸው ክዳኑ ላይ ያለው የቡሎን ቀዳዳ ነው። የሚሊ ሜትር መለኪያው ካሊፐራችን በጦርነቱ ጊዜ ከነሳጥኑ ጠፍቶ ስለነበር፣ ያን ቀዳዳ የምንለካው በኔ ትንሽ ጣት ነው። ባለ ዐሥራ አንዱ ጥፍሬን ግማሽ ላይ ያቆማታል፤ ባለ ዐሥራ ሁለቱ ሙሉ ያስገባታል። የአባቴ ጣት ወፍራም ነው፣ ለዚህ አይሆንም። ደንበኛ ሲጠራጠር "የልጄ ጣት ካለች አለች ነው" ይለው ነበር።

የዕረፍት ቀኔ አርብ ነው። ከጁምዓ በኋላ የአሮጌ መኪና ብረት የሚሸጥበት ግቢ ሄድኩ። ባለቤቱ የመናዊ ሽማግሌ ነው፣ ከሹፌሮች አማርኛ ለምዷል።

"ካሊፐር ልስጥሽ?"

"ጣት አለኝ።"

"ሠላሳ ዓመት ብረት ሸጫለሁ፤ ቴስታታ እንደ ማር በጣት የሚቀምስ ግን አላየሁም።"

ሦስተኛው ቴስታታ ላይ ጣቴ ግማሽ ጥፍር ላይ ቆመች። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ለአባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የምመልስለት ነገር አገኘሁ። በጆንያ ጠቅልዬ ለኢብራሂም ሰጠሁት፤ ቆቦ ድረስ አደረሰልኝ።

ከዚያ አባቴ ደወለ።

"ባለ ዐሥራ ሁለት ነው። ቡሎናችን ውስጡ ይወዛወዛል።"

"አይሆንም አባዬ፣ በጣቴ ለክቼዋለሁ።"

"እኔም ጣቷ ከለካችው ብዬ ነው ብሎኩን አጽድቼ፣ ገበሬውን ለነገ የቀጠርኩት።"

የመጀመሪያው ሽንኩርት በሰው መኪና ሄደ ማለት ነው። አፈርኩ። ይቅርታ ልል ስል እሱ ቀደመኝ።

"ዘሀራ፣ ዐሥራ ሁለቱ ግማሽ ላይ ካቆማት፣ ጣትሽ አብጣለች።"

ጣቴን አየኋት።

"ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሰው ጣቱ አያብጥም። ወላሂ በይኝና ንገሪኝ፣ ምንድነው የሚያሠሩሽ?"

ነገርኩት። ወለሉን፣ ልብሱን፣ በረኪናውን፣ ጭብጨባውን። ለምን ዋሸሽ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"አብሽሪ" አለኝ። "አርብ ሌላ ፈልጊ። በካሊፐር ለኪው። ጣትሽንም ለኪና ንገሪኝ።"

አርብ ሽማግሌው ካሊፐሩን ሳልጠይቀው አቀበለኝ። ባለ ዐሥራ አንዱ ከግቢው ጥግ ተገኘ። ከዚያ ካሊፐሩን ትንሿ ጣቴ ላይ ሳጠብቅ አየኝ።

"የጣትሽን ደግሞ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"አባቴ ይፈልገዋል።"

አልቀለደም። ቁጥሩን እሱው አነበበልኝ፣ ወረቀት ላይ ጻፍኩት።

ቴስታታው ደርሶ በታሰረ ማግስት አባቴ ደወለና ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋው። ያንን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ቆቦ ያለሁ መሰለኝ፣ ዞር ብል ቁልፍ የማቀብለው መሰለኝ።

"ሰማሽው?"

"ሰማሁት አባዬ። ደህና ይዟል።"

"አልሀምዱሊላህ። ጣትሽስ ስንት ሆነች?"

ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። በኛ ሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ምን እንደሆነ እሱ ነው ያስተማረኝ። አንድ ሚሊ ሜትር ቀንሼ ነገርኩት።

"እንግዲያው ብዙም አላበጠችም" አለ።

"አዎ አባዬ፣ ብዙም አላበጠችም።"