መልእክቱን የላከው እጅ

በጦርነቱ ዘመን ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ከጀልባዎቹ የሚላከውን የሞርስ ምልክት በማዳመጫ እየሰማሁ በእርሳስ እጽፋለሁ። የሰው ድምፅ የለበትም፤ ነጥብና ጭረት ብቻ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ላኪ የሞርሱን ቁልፍ የሚመታበት የራሱ ስልት አለው። እኛ «እጅ» እንለው ነበር። አንዱ ይቸኩላል፣ ሌላው ጭረቱን ይጎትታል። መልካቸውን የማናውቃቸውን በእጃቸው እንለያቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ዜና ሆነ። ዳላስ ከመጣሁም በኋላ በማኅበረሰቡ ሬዲዮ እሁድ እሁድ ዜና አነባለሁ። በዳላስ ዳርቻ፣ ፕሌኖ ውስጥ፣ በየደጃፉ የቤት ሽያጭ ሰሌዳ በበዛበት መኸር፣ አንዲት ሴት ከስርጭቱ በኋላ ደወለችልኝ። ወንድሟ ሳትመለስ በቀረች ጀልባ ላይ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እናቷ ግን ለቅሶ አልተቀመጡለትም። አሁን ግን «እዚያ ከነበረ ሰው አፍ ከሰማሁ እቀመጣለሁ» ብለዋል።

በመኪናዋ ወደ እናቷ ወሰደችኝ፤ ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር፣ አፓርታማቸው በር ላይ ፓርክ እንዳደረገች ወደ እኔ ዞረች።

«ሶ፣ የመጨረሻውን መልእክት የላከው እሱ ነው በያት። ሁላችንም የምናውቀው እንደዛ ነው።»

«የተቀበልኩት እኔ ነኝ። እጁ የእሱ አልነበረም።»

«ሹር ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ማለቴ፣ ይሄ አሁን እሷን ምን ይጠቅማታል? አንድ ቀን ዜና ባታነቢስ?»

እናትየው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። የማውቀውን ከማላውቀው ለይቼ ነገርኳቸው። ጠዋት የልጃቸው እጅ እንደ ወትሮው የረጋ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ በመጨረሻው መልእክት ላይ፣ ሌላ እጅ መጣ። ኦፕሬተር እንዲያ ባለ የጭንቅ ሰዓት በሕይወት እያለ ቦታውን አይለቅም።

«ይሄኛው ግምቴ ነው፣ እማማ። በዓይኔ አላየሁም።»

ልጅቱ ወለሉን ታያለች። እናትየው ግን አላለቀሱም።

«የእሱ እጅ እንዴት ያለ ነበር?»

የጀልባዋን የሬዲዮ መጠሪያ በሞርስ ጠረጴዛው ላይ በጣቴ መታሁ፤ እሱ እንደሚያደርገው የመጨረሻዋን ጭረት ጎተት አድርጌ። መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ።

«እስቲ ድገሚው ልጄ።»

ደገምኩት።

«አባቱም በር ሲያንኳኳ መጨረሻ ላይ እንዲሁ ጎተት ያደርግ ነበር።»

«አባባ ቁልፍ እየረሳ በር ሲደበድብ ነው የኖረው» አለች ልጅቱ። እናትየው ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ወደ እኔ ተመለሱ።

«ያኛውስ? የመጨረሻውን የላከው?»

«እሱም አልተመለሰም።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«ስሙን አላውቅም። የማውቀው እጁን ነው።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ስሙን እግዜር ያውቀዋል። ለቅሶው ቅዳሜ ይሁን፣ ለሁለቱም» አሉ።

ልጅቱ ለዘመዶቿ ለመደወል ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች።